የሰው ኃይል፦ ሃያ ሁለት

ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ ደሴ ተኝታለች፣
የእኔ ስክሪን ብቻ ዓይኗን አፍጥጣለች።
ከልብስ ሰፊው በላይ፣ ፒያሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ለጠዋቱ ቦርድ ሪፖርት ሳረቅቅ።

ስማችን ጎተራ፤ እህል ግን አንሰፍርም፣
ኮድ ነው የምናኖር፤ ኮድ ደግሞ አይነቅዝም።
(አይነቅዝም ያልኩት ለማስታወቂያ ነው፤
ይነቅዛል፤ ነቀዙ ነው ሰው ሌሊት የሚያስነሣው።)

ሰንጠረዥ አንድ። ዕድገት።
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ይዘን ተነሣን፣
በስድስት ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ሺህ ደረስን።
መስመሩ የሐረጎን ዳገት ይመስላል፣
ከቦርከና ተነሥቶ ጉም ውስጥ ይገባል።
ከሐይቅ፣ ከመርሳ፣ ከባቲ፣ ከወረኢሉ፣
መልካቸውን ሳላውቅ ኮድ ያስገባሉ።
አንዲት ልጅ አለች፣ ወገል ጤና ላይ፣
በወንድሟ ስልክ፣ ወንድሟ ሳያይ፣
ለወፍጮ ቤት ሂሳብ ፕሮግራም ትጽፋለች፤
ሰንጠረዡ ላይ ግን አንድ ነጥብ ነች።
ነጥቧን ባጎላትም
ልጅቷ አትታይም፣ ወፍጮው አይሰማም።

ሰንጠረዥ ሁለት። ገቢ።
አሥራ ስምንት ሚሊዮን ብር፣ ከነሳንቲሙ፤
ግማሹን ሁለት ባንኮች ብቻ ተሸከሙ።
ከመቶው ዘጠና ሰባት በነፃ የሚኖር፣
ሦስቱ ነው ከፋዩ፤ ሦስቱ ነው የሚያኖር።
«ሦስቱን አምስት አርጉት» አለች ሰብሳቢዋ፣
ምን ይከብዳታል፣ አምስት ነው ጣቷ።
የጄኔሬተር ናፍጣ፣ የሁለት ወር ብቻ፣
ከፕሮግራመር ደመወዝ ሆኗል አቻ ለአቻ።
ይህንን ከግርጌ በደቃቅ ፊደል ጻፍኩት።

እዚህ ላይ መስመሩ ይወድቃል።
ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።
አራት ወር።
ሐረጎን ስትወጣ መንገዱ ድንገት ተቆርሶ፣
ማዶ ላይ ይቀጥላል፣ ምንም እንዳልሆነ፣ መልሶ።
ቦርዱ ይጠይቃል፣ «ይህ ጉድጓድ ምንድን ነው?»
«የመስመር መቋረጥ» ብዬ አለፍኩት፤ ምን ልበለው?

ያኔ ቢሮው ባዶ፣ ሁሉም በየፊናው፣
እኔ ኩታበር ነኝ፣ አለቃው አዳማ ነው።
ጋሽ ሙሄ ቀሩ፣ ከነዱላቸው፣ ደጁ ላይ፤
«ዘበኛ በር ትቶ ወዴት ይሄዳል?» ባይ።
የልብስ ሰፊው መስታወት ሲረግፍ ከታች ሰምተው፣
ወደ ላይ ወጡ፣ ጫማቸውን በእጅ ይዘው።
ኮድ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቁም፤
ስንጨነቅለት ግን አይተዋል፣ አልጠየቁም።
ዲስኮቹን ነቅለው፣ ማሽላ ጆንያ ውስጥ ከተው፣
ቦሩ ሜዳ ወሰዱ፣ በሰው አህያ ጭነው።
የእህታቸው ጓሮ፣ ከጭቃ የተሠራ፣
ከገብሱ ሥር ቀበሩት፣ እውነተኛ ጎተራ።
ጎተራ የተባልነው ጎተራ ገባን።
አንድ ገመድ አይጥ በላ። ፊደል አልጎደለብን።

ሰንጠረዥ ሦስት። የሰው ኃይል።
ሃያ ሁለት። ሴት ዘጠኝ። የለቀቀ አራት፣
አዲስ የገባ ሰባት።
ከለቀቁት አንዱ አራጌ ይመር ነው፣
ኮምቦልቻ ቁጭ ብሎ በዩሮ ነው የሚሰላው።
ዚያዳ ወልዳለች፤ ፈቃድ ላይ ብትሆንም አንድ ናት ሙሉ፤
መዝገቡ ሰው የሚለው ደመወዝ ነው፣ አካል አይደል ሁሉ።
ጋሽ ሙሄ የሉም። በኤጀንሲ ነው ቅጥራቸው፤
«ጥበቃና ጽዳት» ከሚል ወጪ ነው የሚገኝ ስማቸው፣
ስማቸው እንኳ አይደለም፤ ብራቸው።

ሃያ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ሳጥኑ ቀላ፤
ከደመወዝ መዝገቡ ጋር ድምሩ ሆነ ሌላ።
መልሼ አጠፋሁት።
ደግሜ ጻፍኩት።

ደረጃው ላይ ሳል፣ የዱላ ድምፅ፣ ባትሪ።
«አልጨረስክም እንዴ?»
«አንድ ሰው ጎደለብኝ፣ ጋሽ ሙሄ፣ ከሂሳቡ።»
«ማን ይሆን?» አሉ፣ ወደ ባዶ ወንበሮቹ ባትሪ እያበሩ።
«አብሽር፣ ደግመህ ቁጠር፤ እንቅልፍ ነው» አሉና ዞሩ።

ሳጥኑ እንደ ቀላ ነው። ቦርዱ ሁለት ሰዓት ይገባል።